በወል መሬት ላይ የተሠራ ቤት፦ የድር ፕሮቶኮሎችና የንግድ ሶፍትዌር ታሪክ



የታሪክ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሊናገር ሲነሣ ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አያለሁ። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናገረው ከማሽኑ ይልቅ ስለ ይዞታ ነው፤ በአገራችን የታሪክ ጥናት ደግሞ ከይዞታ የበለጠ ብዙ የተጻፈበት ርዕስ ማግኘት ያስቸግራል።

ፕሮቶኮል ሁለት ማሽኖች የሚነጋገሩበት ስምምነት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ጥያቄው በምን መልክ እንደሚቀርብ፣ መልሱም እንዴት እንደሚሰጥ ይወስናል። ሶፍትዌር ግን ያንን ስምምነት የሚፈጽም፣ ሰው ሠርቶ ሊሸጠው የሚችል ዕቃ ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው ዛሬ ግልጽ ይምሰለን እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ብዙ ሰው ለይቶ አላያቸውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ጎፈር የሚባል ሥርዓት ነበር። በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ሲሆን፣ በመላው ዓለም ያሉ ሰነዶችን በዝርዝር ማውጫ እየመራ ያገናኝ ነበር። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የጎፈር አገልጋይ ሶፍትዌሩን ለንግድ የሚጠቀሙ ክፍያ እንደሚጠየቁ አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ክፍያው የተጠየቀው በሶፍትዌሩ ላይ ነው። የፕሮቶኮሉ ዝርዝር በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ለሁሉም በግልጽ ታትሞ ነበር፤ ማንም አንብቦ የራሱን ፕሮግራም መጻፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚመረምር አይገኝም። ሰዎች ሸሹ። ለጎፈር መውደቅ ክፍያውን ብቻ ምክንያት የሚያደርጉ ጸሐፊዎች ነገሩን ያቀልሉታል ባይ ነኝ፤ ሥዕልና ጽሑፍ ባንድ ገጽ የሚያሳይ ተፎካካሪም መጥቶበታል። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ውድቀቱን እንዳፋጠነው አያከራክርም።

ተፎካካሪው በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ባቀረበው ሐሳብ የተጀመረው ድር ነው። በርነርስ ሊ የጎፈርን ዕጣ ሲያይ አሠሪዎቹን መወትወት ያዘ። መጀመሪያ ያሰበው የጂኤንዩን ጠቅላላ ፈቃድ ነበር፤ ይህም ኮዱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ማሻሻያውን በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲያደርግ የሚያስገድድ ነው። ኋላ ግን ኩባንያዎች ግዴታውን ፈርተው እንዳይርቁ ሠጋ፤ ምንም ግዴታ የሌለበትን መንገድ መረጠ። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሰርን የደንበኛውን ፕሮግራም፣ የአገልጋዩን ፕሮግራምና የጋራ የኮድ ስብስቡን በሕዝብ ሀብትነት ለቀቀ፤ በኮዱ ላይ የነበረውን የአእምሯዊ ንብረት መብትም ተወ።

የወል መሬት ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል አጥር ይዞ ለሚመጣም ክፍት ነው ማለት ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ሞዛይክ ላይ ከሠሩት መካከል ማርክ አንድሪሰን ወጥቶ፣ በ1994 ኋላ ኔትስኬፕ የተባለውን ኩባንያ ከጂም ክላርክ ጋር መሠረተ። ኦገስት 9 ቀን 1995 አክሲዮኑ በ28 ዶላር ለገበያ ቀርቦ ቀኑ ሲያበቃ 58 ዶላር አልፎ ነበር። ማይክሮሶፍትም ስፓይግላስ ከተባለ ድርጅት የሞዛይክን ፈቃድ ገዝቶ የራሱን ማሰሻ አወጣ። ስፓይግላስ ከሽያጩ ድርሻ ሊያገኝ ተዋውሎ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን ማሰሻውን በነጻ ስላደለ ድርሻ የሚታሰብበት ሽያጭ ጠፋ! ክርክሩ በ1997 በ8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። ሁለቱ ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ በገጽ ቋንቋው ላይ የየራሳቸውን ምልክት ጨመሩ፤ አንዱ ማሰሻ በትክክል የሚያሳየው ገጽ በሌላው ይፈርስ ጀመር። በርነርስ ሊ በ1994 የድር ጉባኤውን በማሳቹሴትስ ባያቋቁም ኖሮ መሬቱ በስም ብቻ የወል ሆኖ ይቀር ነበር የሚል ግምት አለኝ። ስለዚህ በሕዝብ ሀብትነት መልቀቅ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ የሚጠብቀው አካል አስፈልጎታል።

ይህን በሩቁ የማየው አይደለም። የእኛ ፊደል ታሪክ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ሄዷል፤ ሶፍትዌሩ ቀደመ፣ ስምምነቱ ዘገየ። በ1990ዎቹ ለግዕዝ ፊደል የተሠሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ፊደል በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡ ነበር። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ የጋራ ቁጥር ሳይኖር አማርኛን በኮምፒውተር ያስጻፉን እነርሱ ናቸው። የጋራው ስምምነት የመጣው ፊደላችን በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲካተት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አምራች መሣሪያ ላይ 4608 ናት።

እኔ ግን ከዚያ በፊት አራት ምዕራፍ ጽፌ በዲስኬት አስቀምጬ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስከፍተው የላቲን ፊደላትና የጥያቄ ምልክቶች ተደባልቀው ጠበቁኝ። የጻፍሁበት ፕሮግራም ከገበያ ወጥቷል፤ የቁጥር ሠንጠረዡንም ያሳተመው ሰው አላገኘሁም። ሦስቱን ምዕራፎች ከወረቀት ቅጂ እንደገና ጻፍኋቸው። አራተኛው የወረቀት ቅጂ አልነበረውም፤ በውስጡ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ ሁለት አዛውንት የተቀበልኋቸው ቃለ መጠይቆች ነበሩ። ዲስኬቱ አሁንም በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የመጣችሁ ተማሪዎች ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።