የሕክምና ተማሪዎችና የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ የሚያመጣቸውን ሕመሞች ያድናል፤ ቫይረስን ግን አይነካም። ይህን የማያውቅ የሕክምና ተማሪ ብዙም አይገኝም። ያም ሆኖ ጉንፋን ሲይዘው አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሚውጥ፣ ሲሻለው የሚያቋርጥ፣ የተረፈውን ለዶርም ጓደኛው የሚሰጥ ተማሪ ጥቂት አይደለም። በኢትዮጵያም በሌሎች አገሮችም የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት በእውቀትና በልማድ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ነው።

አደጋው ገና ከጅምሩ ታውቆ ነበር። ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ጀርሞቹን እንደሚያላምድ አስጠንቅቋል። መድኃኒቱ የሚሸነፉለትን ባክቴሪያዎች ሲገድል፣ የተቋቋሙት ቦታውን ይዘው ይራባሉ። የመቋቋም ችሎታቸውንም ፕላስሚድ በሚባል የዘረመል ቁራጭ አማካይነት ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያስተላልፋሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት መሞታቸው ተገምቷል።

ተማሪው ስለ አንቲባዮቲክ በሰፊው የሚማረው በፋርማኮሎጂ ክፍል፣ ሕመምተኛ ማከም ከመጀመሩ በፊት ነው። ማዘዝን የሚማረው ግን ዋርድ ውስጥ፣ ከሬዚደንቱና ከሲኒየር ሐኪሙ ነው፤ የሚጸናበትም ይኸኛው ትምህርት ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ኢንተርን ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣበት የሚሆነውን ማየት ይበቃል። የከልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ ውጤት ቢፈጥን ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ሆስፒታሎች ደግሞ ምርመራውን ጭራሽ አይሠሩትም። ስለዚህ ኢንተርኑ ሲደረግ ያየውን ያደርጋል፦ ሴፍትሪያክሶን፣ 1 ግራም፣ በየ12 ሰዓቱ። ለጽኑ ሕመምተኛ ቶሎ መጀመሩ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ይቀየር ወይስ ይቁም ብሎ የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው። ተማሪው በራውንድ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ካልሰማ፣ ሐኪም ሲሆንም አያነሳውም።

ሴፍትሪያክሶን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እጅግ ከሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። ክሌብሲየላና ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ግን ይህን መድኃኒት የሚያፈርስ ኢንዛይም ማምረት ችለዋል፤ ያኔ ሐኪሙ ውድና እንደ ልብ ወደማይገኘው ሜሮፔነም ለመሄድ ይገደዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ አሞክሳሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜሮፔነም በጥንቃቄ ከሚታዘዙት፣ ኮሊስቲን ደግሞ ለመጨረሻ አማራጭነት ከሚቀመጡት ምድብ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2024 ባወጡት መግለጫ፣ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ለሰው ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ግብ ጥለዋል።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በሰባት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት አብዛኞቹ በአንቲባዮቲክ አመራረጥ ላይ ተጨማሪ ትምህርት እንደሚሹ አሳይቷል። ትምህርቱ ግን ተጨማሪ ሌክቸር ከሆነ ብዙ አይለውጥም፤ የሚያስፈልገው በሥራው ላይ የማይቋረጥ ክትትል ነው። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን እየገመገሙ ለሐኪሞች አስተያየት የሚሰጡበት አሠራር ተሞክሮ ነበር። ግምገማው ሲቋረጥ የአንቲባዮቲክ ፍጆታው ወዲያው አሻቀበ፤ ሕሙማን በሆስፒታሉ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፤ የሟቾች ድርሻም ጨመረ።