ተረቱ ከአያት፣ ፊደሉ ከየኔታ

ገርጂ መብራት ኃይል ወይም ኢምፔሪያል አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው መጽሐፍ አዟሪ ሳይጎበኘው አይነሳም። አዟሪው ክንዱ ላይ እስከ አገጩ የደረደረው በአብዛኛው የአዋቂ ነው፤ የፖለቲከኞች ትዝታ፣ ትርጉም ልብ ወለድ፣ ሀብታም መሆኛ መንገድ። «ለልጅ የሚሆን የለህም?» ሲሉት ከሥር የሚመዘው ይታወቃል፤ የፊደል ገበታ፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የታተመበት ፖስተር፣ ቀለም የሚቀባ ደብተር፣ ከተገኘ አንድ ሁለት ስስ የተረት መጽሐፍ። ገበያው የሚነግረን ነገር አለ። ለትንሽ ልጅ መጽሐፍ የሚገዛ ወላጅ የሚገዛው መማሪያ ነው።

«የዛሬ ልጆች መጽሐፍ አይወዱም» የሚለውን እሮሮ በየቤቱ እንሰማዋለን። ድሮ ይወዱ ነበር የሚል ግምት አለበት። ያ ድሮ መቼ ነበር? ወደ ኋላ ብንሄድ የምናገኘው ተረት የጠገበ፣ ፊደልም የቆጠረ ልጅ ነው፤ ሁለቱን ግን ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቤት አላገኛቸውም። ተረቱ ከአያቱ ነበር፣ ማታ ምድጃ ዳር። ፊደሉ ከየኔታ ነበር፣ ጠዋት ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር። አንደኛው ሳቅ ነበረው፣ ሁለተኛው አለንጋ።

የኔታን ግን በአለንጋው ብቻ ማስታወስ ግፍ ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱ አሠራር ዛሬ ባለሙያ የሚባሉ ሰዎች የሚደክሙበትን ችግር ቀድሞ አውቆታል። ልጁ ገበታውን ይዞ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል ዜማው ይቀድመውና ዓይኑ ሳያይ አፉ ይጨርሳል። ከሁለት መቶ ሠላሳ የሚበልጡትን የአማርኛ ሆሄያት እንዲህ በቃሉ የሚያወርድ ልጅ፣ «ነ»ን ለብቻዋ ነጥለው ቢያሳዩት ዝም ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል፣ ዜማው አያድንም፣ ልጁ ሆሄውን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ዛሬ በየሳሎኑ ልጃቸው ሀሁን እስከ ፐ ሲያንበለብል እንግዳ ፊት የሚያስጨበጭቡ ወላጆች ይህችን ሁለተኛ ደረጃ ዘለዋት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከፊደል በኋላ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያም ዳዊት ይመጣል። ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፤ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳል፣ ጎረቤት ይጠራል። በወሎና በሐረር መድረሳዎችም ሕፃናት በእንጨት ሰሌዳ፣ በሉህ፣ ቁርኣን ይቀሩ ነበር። መጽሐፍ በሁለቱም በኩል የተከበረ ነገር ነበር፤ ታጥቦ የሚነካ፣ በማኅደር የሚቀመጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰቀል። ልጅ በሆዱ ተኝቶ የሚያገላብጠው፣ ሥዕሉን እያየ የሚስቅበት ዕቃ ግን አልነበረም። የሚያነበውም በግዕዝ ወይም በዐረብኛ ነውና ትርጉሙን ልቡ አያገኘውም።

ማታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። አያት «ተረት ተረት» ይላሉ፣ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ጦጣና ጅብ፣ ማሞ ቂሎ፣ ስንዝሮ፤ ከዚያ እንቆቅልሽ፣ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ልጁ መሐል ገብቶ ይጠይቃል፣ ቀድሞ ይገምታል፣ ያንኑ ተረት ለመቶኛ ጊዜ ድገሙልኝ ይላል፤ አንድ ቃል ቢለወጥ «እንደሱ አይደለም!» ብሎ ያርማል። ይህ ሁሉ ማንበብ የሚጠይቀው የአእምሮ ሥራ ነው። የጎደለው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ እንግዳ የሆነ መገለባበጥ ተፈጠረ። በቤት ውስጥ ንባብ የሚያውቀው ትልቁ ሰው ሳይሆን ልጁ ሆነ። ከጦር ሜዳ፣ ከከተማ፣ በኋላም ከዐረብ አገር የመጣን ደብዳቤ ለሰፈር እናቶች ቁጭ ብሎ የሚያነበው የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ መልሱንም የሚጽፈው እርሱው። ሌላው ዓለም ወላጅ ለልጁ ያነባል ሲል፣ እኛ ዘንድ ልጅ ለወላጁ አነበበ። ብዙዎቹ የዛሬ አያቶች መጽሐፍ ተነቦላቸው ያደጉ አይደሉም፤ ለወላጆቻቸው አንብበው ያደጉ ናቸው ቢባል ይቀላል። «ለልጅህ አንብብለት» የሚል ምክር ጆሯችን ላይ እንግዳ የሚሆነው ከስንፍና አይመስለኝም፤ አይተነው አናውቅም።

ተረትና ፊደል በወረቀት ላይ የተገናኙባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ የተገኘው ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ፣ በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ነው። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ እ.ኤ.አ. በ1894 ጀማሪዎች የሚማሩበት የኦሮምኛ ማንበቢያ በግዕዝ ፊደል አሳተሙ። አስቴር በቃሏ የያዘቻቸውን ተረቶችና ዘፈኖች አሰባስባ ነበር። ለማንበቢያ የመረጡት የሕዝቡን ተረት መሆኑን ልብ ይሏል።

አማርኛው ይህን መንገድ ለመያዝ ጊዜ ወሰደበት። እ.ኤ.አ. በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ ታተመ፤ የልጅ መጽሐፍ ግን የማንም ጉዳይ አልነበረም። በየቤቱ የገባው የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታ ነው። መጀመሪያ በእጃቸው ጽፈው እየሸጡ፣ በኋላ በራሳቸው ማተሚያ ቤት እያባዙ፣ ለትውልዶች ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። አዟሪው ዛሬ ገርጂ ላይ የሚሸጠው ገበታ የእርሳቸው ሥራ ልጅ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን አመጡ። እንስሳት የሚናገሩበት፣ በግጥም የተሠራ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያምር። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ዛሬም ከዚያ መጽሐፍ በቃላቸው ይወጡታል። የወደዱት መማሪያ ስለሆነ ሳይሆን መማሪያ ሆኖ ሳለ ተረት ስለነበረ ነው እላለሁ።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከፈት አያትየው ወደ ሳጥኑ ገቡ። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ የልጆችን ዝግጅት ለ42 ዓመታት ያህል አቅርበዋል። ልጆች ከበዋቸው ይቀመጣሉ፣ እርሳቸው በፊታቸውና በድምፃቸው ጅብም ንጉሥም ይሆናሉ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው የስድሳ ዓመት ሰውም የሃያ ዓመት ወጣትም ነበር። የተረት መጻሕፍትም ጽፈዋል፤ ነገር ግን ትውልዱ የሚያስታውሰው ድምፃቸውን ነው። በሬዲዮም እንዲሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርከው ሙሉ ቤተሰብ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር፤ ልጆችም አብረው፣ የማይገባቸው ቢኖርም። ኢትዮጵያውያን በቤታቸው ተሰብስበው መጽሐፍ ያጣጣሙበት ትልቁ አጋጣሚ ያ ይመስለኛል፣ ያውም በጆሮ።

ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ሸለመው። ታላቅ ሥራ ነበር። ግን ፊደል የለየ ሰው ቀጥሎ ምን ያነባል የሚለው ጥያቄ በጥቂቱ ብቻ ተመለሰ፤ ልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ደረሳቸው።

የልጆቹን ጥያቄ አንስቶ ቤቱ ድረስ የወሰደው ሰው የመጣው ከስደት ነው። የነገሌ ቦረናው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር፤ የፍቅር ልብ ወለድ። አገር ጥለው በሱዳን በኩል አሜሪካ ገቡና የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። በዓለም ልሳኖች የልጆች መጻሕፍት ሲያሰባስቡ በአገራቸው ቋንቋ የሚገዛ አጡ። በማጂ ያደገችው ደራሲ ጄን ከርትዝ የጻፈችው የኢትዮጵያ ተረት እጃቸው ገባ፣ ከእርሷ ጋርም ተገናኙ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት ከዚህ ተወለደ። በ2002 እ.ኤ.አ. ማሞ ቂሎን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ በሥዕል አሳተሙት። በ1995 ዓ.ም. ሾላ በሚገኘው መኖሪያቸው ምድር ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ በየሰፈሩ ዞረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው።

አህያው ፎቶ ላይ ያምራልና ብዙ ተወራለት። እኔን የሚገርመኝ ግን ምድር ቤቱ ነው። ሾላ ከገርጂ ሩቅ አይደለም፤ በመገናኛ በኩል አንድ ሁለት ታክሲ ነው። ልጆች ለፈተና ሳይሆን ዝም ብለው ለማየት የሚመጡበት፣ መኖሪያ ቤት የሆነ ቤተ መጻሕፍት እዚህ ከተማ ውስጥ ቆሞ ነበር። የአያት ምድጃና የየኔታ ገበታ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች ወጣት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አመጣች። ቀጭኔዋ ፀሐይ በ2006 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ብቅ አለች፣ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። ሆሄውን በገጸ ባሕርይና በቀልድ ማስተማር እንደሚቻል ለብዙ ወላጅ ያሳየች እርሷ ናት። ዛሬ የገርጂ ሕፃን ከስልክ ላይ ያያታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ምን ላይ ነበር? በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተራድኦ ድጋፍ በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ሁለት ዓመት ፊደል ቆጥረው። ከዚያ በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት ተሻሽለዋል፣ መምህራንም ሠልጥነዋል፤ ቤቱ ግን ለቤቱ ተተወ።

ቤቱ ደግሞ ተለውጧል። ቦሌ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ ትልቁ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት። ባለ አንድ መኝታው ቤት ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ የምግብ ጠረጴዛ ሲገባ መደርደሪያ የሚቆምበት ግድግዳ አይተርፍም። አያት ክፍለ ሀገር ቀርተዋል ወይም በበዓል ብቻ ይመጣሉ። ወላጅ ከመገናኛ ትራፊክ ተላቆ ሲደርስ ልጁ ሊተኛ ነው። ተረቱ ከቤት የወጣው በዚህ በር ነው፣ ስልኩም የገባው በዚሁ።

እዚህ ላይ የገርጂ ወላጅ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል፤ እንግሊዝኛ። በግል ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ በረዶና ስለ ቀበሮ የሚያወራ የውጭ መጽሐፍ ነው፤ አባትየው በድካም ይተረጉማል፣ ሳቁ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛን አልጠላም። ግን አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚሰማው መጽሐፍ፣ አንባቢው እንደ አያት ድምፁን እየለዋወጠ ሊጫወትበት በሚችል ቋንቋ ቢሆን ይሻላል፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ። ለዚህ ደግሞ ብዙ መጽሐፍ አያስፈልግም። በ27 አገሮች ሰዎችን ያጠና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቤት ውስጥ ሃያ ያህል መጽሐፍ መኖሩ እንኳ በልጆች የትምህርት ዕድሜ ላይ እንደሚታይ ጽፏል። ቦስተን ከተማ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ለክትባትና ለምርመራ ለሚመጡ ሕፃናት መጽሐፍ መስጠት ጀመሩ፣ እንግሊዞችም በ1992 በበርሚንግሃም ለጨቅላዎች። የእኛ ጤና ጣቢያዎች የክትባት ካርድ ይሰጣሉ፤ በካርዱ መሐል አንዲት ስስ ተረት ማስገባት የሚከብድ ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ያማረ ነው፣ ለሕፃናትም ቦታ አለው። ነገር ግን የአራት ዓመት ልጅ ይዞ ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ በታክሲ ሰልፍ መሄድ የዓመት በዓል ጉዞ እንጂ የማክሰኞ ማታ ነገር አይሆንም። የማክሰኞው መፍትሔ ከብሎኩ በታች ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለበግ ማረጃ የተሠራ የጋራ ሕንፃ አለ። ብዙ ቀን ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉ የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ዘንድ ነው። አንድ መደርደሪያ፣ ሰላሳ መጽሐፍና አንድ ምንጣፍ ይበቁታል፤ ከጡረታ የወጡ እናትና አባትም በየብሎኩ አይጠፉም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከውሃ ታንከርና ከጥበቃ ደመወዝ ቀጥሎ አጀንዳ ቢሆን ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይታወቃል፦ መጽሐፉ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?