የብርድ ወራት እንግዶች በኒስ ባሕር ዳርቻ

በእኛ አገር «ክረምት» ሲባል የሚታሰበው ዝናብ፥ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። የአውሮፓውያን ክረምት ግን የሚውለው በእኛ በጋ ውስጥ ነው፤ ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ በሚወቃበት፥ ገናና ጥምቀትም በሚከበሩበት ወራት የሰሜኑ ሕዝብ በብርድና በጨለማ ተይዞ ይከርማል። በዲሴምበር አጋማሽ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ነው፤ በሴንት ፒተርስበርግማ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የልደትና የአዲስ ዓመት በዓላት የሚውሉትም በዚሁ ጨለማ መካከል ነው። ስለዚህ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ አቅም ያለው ሰው በዓላቱን ፀሐይ ባለበት አገር ለማሳለፍ ወደ ደቡብ መጓዝን ልማድ አደረገ። ከነዚህ መንገደኞች ማረፊያዎች ሁሉ የላቀ ስም ያተረፈችው የሜዲተራንያን ጠረፍ ከተማ ኒስ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒስ ከጀርባዋ የአልፕስ ተራሮች የሰሜኑን ነፋስ ይከልሉላታል፤ ፊቷ ወደ ደቡብ ነው። በዲሴምበር የቀኑ ሙቀት 13 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ መጠን ለአዲስ አበባ ሰው ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ቢሆንም ከፒተርስበርግ ለመጣው እንግዳ ጸደይ ነበር። ዛሬ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሲባል ዋናና የሐምሌ ፀሐይ ስለሚታሰብ፥ ያች ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረችው ማንም በማይዋኝበት ወራት እንደ ነበር ለማመን ያዳግታል። በበጋ ሆቴሎቹ መስኮታቸውን ዘግተው፥ ሠራተኞቻቸውን አሰናብተው እስከ ጥቅምት ይከርሙ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ታዋቂ እንግዶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ቶባያስ ስሞሌት ነው። ሰውየው ደረቱን የታመመ፥ በዚያው ዓመት በ1763 አንዲት ልጁን የቀበረና ኑሮ የመረረው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ኒስ ደርሶ እስከ 1765 ተቀመጠ፤ በ1766 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ከተማይቱን ለእንግሊዝ አንባቢ አስተዋወቀ። ስሞሌት ምስጋና የሚያውቅ እንግዳ አልነበረም፤ ስለ ነዋሪው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ተባዩ ያላማረረው ነገር የለም። ይሁን እንጂ የአየሩን ጠባይ በየዕለቱ እየመዘገበ በመጽሐፉ መጨረሻ አያይዞታል። አንባቢው ቅሬታውን አልፎ መዝገቡን አመነ ማለት ይቻላል። ይኸው ሐኪም በግንቦት ወር ባሕር ገብቶ ሲታጠብ የከተማው ሰው እንደ ጉድ ተመልክቶታል፤ ደረቱ የታመመ ሰው ባሕር መግባቱ ሞትን መጥራት መስሎ ታይቷቸው ነበር።

ተከታዮቹም በአብዛኛው በሽተኞች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስላልነበረ ሐኪሞች የሚያዙት ለስላሳ አየር ነው። ስለዚህ በኒስ የበዓል ገበታ ዙሪያ ሳል የማይሰማበት ጊዜ አልነበረም። ዛሬም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚዘመር የምሽት መዝሙር የደረሰው ቄስ ሄንሪ ፍራንሲስ ላይት ለክረምቱ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በኅዳር 1847 ኒስ ላይ ዐርፎ እዚያው ተቀብሯል። ለገና መጥተው ለፋሲካ ያልደረሱ የብዙዎች መቃብር በዚያ ይገኛል።

ከተማይቱ የምትታወቅበት የባሕር ዳር መንገድ የተሠራውም በመከራ ዘመን ነው። የ1820–21 ክረምት ባልተለመደ ሁኔታ በርትቶ የብርቱካኑን ዛፍ ሁሉ አደረቀው። ኑሯቸውን በፍራፍሬው ላይ የመሠረቱ ሰዎች ሥራ አጡ፤ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ጎረፈ፤ እንግሊዞቹ በሚያርፉባቸው ቤቶች ደጃፍ ለማኝ በዛ። ሉዊስ ዌይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ከአገሩ ሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ፤ ነገር ግን ገንዘቡን በምጽዋት መልክ ከመበተን ይልቅ ለሥራ ደመወዝ እንዲውል አደረገ። ሥራውም በጠጠራማው የባሕር ዳርቻ ላይ ለእግረኛ የሚመች መንገድ ማውጣት ነበር። በእኛ አገር በኋላ ዘመን «ምግብ ለሥራ» እየተባለ የታወቀው አሠራር መነሻ ሐሳቡ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የመጀመሪያው መንገድ ስፋቱ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የኒስ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው «የእንግሊዞች መንገድ» አሉት፤ ፈረንሳይኛውም ያንኑ ተከትሎ «ፕሮመናድ ዴዛንግሌ» ሆነ። መንገዱ ከሠሩት ይልቅ በከፈሉት ስም መጠራቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በእርግጥ የሕዝብ ሥራ በአሠሪው እንጂ በሠራተኛው ስም ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በዚያን ጊዜ ኒስ የፈረንሳይ ከተማ አልነበረችም፤ ከ1388 ጀምሮ በሳቮይ ቤት ሥር ነበረች። በ1832 የሰርዲኒያው ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ የከተማውን መስፋፋት የሚቆጣጠር አንድ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው የጎዳናዎቹን መሥመርና የአደባባዮቹን ስፋት ከመወሰኑም በላይ የየቤቱን የፊት ለፊት ገጽታ ሳይመረምር ግንባታ አይፈቅድም ነበር። የከተማ ፕላን ለነዋሪው ሳይሆን ለእንግዳው ዓይን ተብሎ በዚህ መጠን የተጠበቀባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። በ1860 ኒስ ለፈረንሳይ ስትሰጥም ፕላኑ ቀጠለ።

ነገሩን ፈጽሞ የለወጠው ግን በጥቅምት 1864 የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። ቀድሞ ብዙ ቀናት ይወስድ የነበረው የሠረገላ መንገድ በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ። ሐዲዱ በተከፈተበት ወር የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 2ኛ በዚሁ ባቡር ገቡ። ልጃቸው አልጋ ወራሽ ኒኮላይም ለሕክምና ኒስ ከርሞ በኤፕሪል 1865 በ21 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ሆኖም የእሱ ሞት ሩሲያውያንን ከኒስ አላራቃቸውም፤ ይልቁንም ቦታው የመታሰቢያ ሥፍራ ሆነላቸው። በዚያው ሥፍራ የታነጸው የቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል በ1912 ተመርቋል። በ1860 ገደማ 50 ሺህ ያልሞላው የከተማው ሕዝብ በ1911 ከ140 ሺህ በላይ ደረሰ።

የበዓላቱ አከባበር ልዩ መልክ የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ አካባቢ ነባሩ ሕዝብ በልደት ዋዜማ ሥጋ የሌለበት እራት ይበላል፤ ከዚያም ለሌሊቱ ቅዳሴ ይሄዳል። በፕሮቫንስ ልማድ ከእራቱ በኋላ 13 ዓይነት ጣፋጭ ይቀርባል፤ ቁጥሩ የጌታና የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ነው። የገናን ዋዜማ በጾም የሚያሳልፍ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥርዓት እንግዳ ነገር አያደርገውም። እንግሊዙ በበኩሉ የራሱን ዛፍና የራሱን ኬክ ይዞ ይመጣ ነበር። ከዚያ ጃንዋሪ 1 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ይከተላል፤ ሩሲያውያኑ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን አሮጌ አቆጣጠር ይዘው ልደትን የሚያከብሩት ከምዕራባውያኑ 12 ቀናት ዘግይተው ነበር። በዚያ መቶ ዓመት ይህ ቀን ጃንዋሪ 6 ሲሆን፥ ከ1901 ወዲህ ጃንዋሪ 7 ሆኗል፤ ይኸውም የእኛ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ የኒስ ሆቴል በአንድ ወቅት ሁለት ልደት ማዘጋጀት ይችል ነበር። የበዓላቱ ማሳረጊያ ከሁዳዴ በፊት የሚውለው ካርኒቫል ሲሆን፥ ዛሬ የሚታወቀውን የሰልፍ ሥርዓት የያዘው በ1873 ኮሚቴ ከተቋቋመለት በኋላ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድግስ የሚያስፈልገው ነጭ ጨርቅ ብዛት በቀላሉ የሚገመት አይደለም። አንሶላው፥ የገበታው ጨርቅ፥ ሸሚዙ ሁሉ የሚታጠበው ከተማውን አቋርጦ በሚወርደው በፓዮን ወንዝ ውስጥ ነው። ፓዮን ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ጠጠር የሞላበት ደረቅ ሸለቆ ሆኖ በመካከሉ ቀጭን ውኃ ይወርድበታል። ልብስ አጣቢ ሴቶች በዲሴምበር ውኃ ውስጥ ተንበርክከው ያጥባሉ፤ ያጠቡትንም በጠጠሩ ላይ ያሰጣሉ። ከፊት ለፊታቸው ያሉት ታላላቅ ሆቴሎች ናቸው። ተራራው ላይ በዘነበ ጊዜ ደራሽ ጎርፍ በድንገት ስለሚመጣ በፈረስ እየጋለበ «ፓዮን መጣ!» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን በተሠሩ የኒስ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች እነዚህ ሴቶች በብዛት ይታያሉ፤ ለእንግዳው እነሱም የአገሩ ውበት ክፍል ነበሩ። ከወንዙ ላይ ደረጃ በደረጃ ክዳን እየተሠራ የአትክልት ሥፍራና አደባባይ ሲተከልበት ግን ማጠቢያቸው እየጠበበ ወደ ላይ ተገፉ። ንጹሕ ውኃን በተመለከተም ቢሆን ከቬሱቢ ወንዝ በቦይ የተጠለፈው ውኃ በ1880ዎቹ ከተማይቱ ዘንድ ሲደርስ፥ በሲምዬ ኮረብታ ላይ ቪላና ሆቴል መደርደር የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የተጣደፈ ግንባታ አደጋ አያጣውም። በማርች 23 ቀን 1881 ቴአትር ቤቱ በጋዝ መብራት ምክንያት ተቃጥሎ በርካታ ተመልካቾች አለቁ። በ1883 ደግሞ በባሕሩ ላይ በምሰሶዎች የቆመው ዠቴ ፕሮመናድ የተባለ የብረትና የመስተዋት ካዚኖ ለመመረቅ ሲቃረብ በእሳት ጋየ፤ እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው በ1891 ነው። ከሁሉም የከፋው የ1887 ነው። የካርኒቫሉ ማክሰኞ ሌሊት ሲጨፈር አድሮ፥ ሁዳዴ በሚገባበት ረቡዕ ፌብሩዋሪ 23 ማለዳ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ። በጣሊያን በኩል ባለው ጠረፍ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኒስ የሟቾቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ድንጋጤው ታላቅ ነበር፤ የሌሊት ልብስ የለበሱ ባለጸጎች በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ሰፈሩ፤ ባቡሮቹም በሸሺ ተጨናነቁ። የሚያስገርመው ግን በዚያው ዓመት ደራሲው ስቴፈን ሊዬዣር ጠረፉን «ኮት ዳዙር»፥ ማለት የሰማያዊው ባሕር ዳርቻ፥ ብሎ የሰየመበት መጽሐፍ መውጣቱ ነው። እንግዶቹም በሚቀጥለው ክረምት ተመለሱ።

ያም ሆኖ የእንግዳው ዓይነት ይለወጥ ጀምሮ ነበር። ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ካገኘ በኋላ በሽታው ተላላፊ መሆኑ ታወቀ፤ ሐኪሞችም ሕሙማኑን ወደ ዳቮስና ወደ መሳሰሉት የተራራ ሥፍራዎች ይልኩ ጀመር። ኒስን የሠሯት በሽተኞች በኒስ ሆቴሎች የማይፈለጉ ሆኑ። በቦታቸው ነገሥታትና ከበርቴዎች ተተኩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1895 እስከ 1899 በየዓመቱ ወደ ኒስ ተመላልሳለች፤ በሲምዬ ኮረብታ የቆመው ሬጂና ሆቴልም በ1897 የተከፈተው እሷን ታስቦ ነው። በቡካሬስት የተወለደው ሄንሪ ኔግሬስኮ በስሙ የሚጠራውን ሆቴል በጃንዋሪ 1913 ሲከፍት ወቅቱ የማያልፍ ይመስል ነበር። በዓመት ተመንፈቅ ጦርነት ተነሣና ሆቴሉ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ፤ ባለቤቱም ከስሮ በ1920 ሞተ። በ1917ቱ አብዮት ሀብታቸውን ያጡት ሩሲያውያንም ቀድሞ በእንግድነት ወደሚያውቁት ከተማ በስደት የመጡ ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በዲሴምበር 1922 በወርቅ ቀለም የተጌጡ ሰማያዊ የመኝታ ፉርጎዎች የያዘ ባቡር ከካሌ ወደ ሪቪዬራ መመላለስ ጀመረ። የክረምቱን ወቅት ያነቃቃል ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ጥቂት አሜሪካውያን በአንቲብ በበጋ ተቀምጠው ፀሐይ መሞቅንና መዋኘትን ፋሽን አደረጉት። የጠቆረ ቆዳ፥ ቀድሞ የደሀ ምልክት የነበረው፥ የጤናና የሀብት ምልክት ሆነ። በ1931 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በጃንዋሪ ወር የባሕር ዳሩ መንገድ ሰፍቶ በእንግሊዝ ልዑል፥ በኮኖት መስፍን ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የጠረፉ ሆቴል ባለቤቶች በበጋም ክፍት ሆነው ለመቆየት ወሰኑ። ለክረምት እንግዳ ክብር የተስፋፋው መንገድ ለበጋ እንግዳ ተረፈ ማለት ነው። በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ አገኘ፤ የባቡር ዋጋም ተቀነሰለት። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ባሕር ዳሩ የጥቂቶች ብቻ መሆኑ ቀረ።

ባሕሩ ላይ የቆመው የመስተዋት ካዚኖ በ1944 የጀርመን ወራሪዎች ብረቱን ፈልገው አፈራረሱት፤ ዳግመኛ አልተሠራም። ሬጂና ሆቴል ወደ መኖሪያ ቤቶች ተከፋፈለ፤ ሠዓሊው ማቲስ በ1938 ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። የተራቡ ሠራተኞች የጀመሩት የ2 ሜትር መንገድ ግን ዛሬ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ2021 ዩኔስኮ ኒስን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሰጣት ስም «የሪቪዬራ የክረምት መዝናኛ ከተማ» የሚል ነው፤ ስያሜው የተሰጣት ከተማይቱ ዋና ገቢዋን በበጋ ማግኘት ከጀመረች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በየዓመቱ በዲሴምበር፥ ልደት ሲቃረብ፥ የከተማው ሰዎች አንዳንዶቹም በጣም ያረጁ፥ ቀይ ቆብ ደፍተው ከመንገዱ በታች ባለው ጠጠር ላይ ይሰበሰቡና እየጮኹ ባሕር ይገባሉ። ውኃው በዚያ ወር 14 ወይም 15 ዲግሪ ገደማ ነው።