ስለ ባሌ ምድርና ስለ ተሠመሩባት ካርታዎች

ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ጎባ የሚሄድ መንገደኛ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ጎዳና ግራና ቀኙን ቢመለከት የስንዴና የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይም ወደ ሳነቴ የሚያወጣውን ተራራ ያያል እንጂ፣ ይህ ምድር የእገሌ መንግሥት ነው የሚል ምልክት አያገኝም። ምልክቱ ያለው በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱም ብዙ ነው። በሮማ፣ በጎታ፣ በሎንዶን፣ በሞቃዲሾና በአዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ባሌን በዓይናቸው ሳያዩ፣ ይህን ደጋ አንድ ጊዜ ለአንዱ፣ አንድ ጊዜ ለሌላው እየሰጡ ሥለውታል። ካርታ ሲሰብክ፣ ሲከስና ሲያስፈርድ ማየት የሚወድ ሰው ባሌን ይመርምር።

ከጥንቱ ልጀምር። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ፣ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉትን የመካነ ሥላሴ ሰው በመጀመሪያ በሮማ፣ ኋላም በ1652 እ.ኤ.አ. በጎታ ከተማ አግኝቶ፣ ከእርሳቸው የቃረመውን ዕውቀት ይዞ የኢትዮጵያን ታሪክ ባሳተመ ጊዜ፣ ባሌን «ባሊ» ብሎ ከነገሥታቱ ግዛቶች ጋራ ቈጥሮ ጻፈ። ነገር ግን ባሌ በዐፄ ዓምደ ጽዮንና በተከታዮቻቸው ዘመን ትገብር የነበረች ብትሆንም፣ ከኢማም አሕመድ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት ወዲህ፣ ሉዶልፍ ብዕሩን ከማንሣቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ከነገሥታቱ እጅ ወጥታ ነበረች። ሉዶልፍም ብዙ አገሮች እንደ ጠፉ አልሸሸገም፤ ሆኖም የአገር ስም አንድ ጊዜ ከመዝገብ ከገባ በኋላ፣ በኅዳጉ የተጻፈውን ማስተባበያ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ ደግሞ ያለ ሥዕል የተሠራ ካርታ ነበረ። ወሰኑ በቃል ይዘረዘራል፤ የቀድሞውን ድንበር እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ የመመለስ አሳብም ይገለጽበታል። ደብዳቤው የተጻፈው አርሲን የያዘው የሸዋ ሠራዊት ወደ ባሌ ደጋ በሚገባበት ዘመን ነውና፣ ቃሉ ከጦሩ ጋራ እኩል ይራመድ፣ አንዳንድ ጊዜም ይቀድመው ነበር ማለት ይቻላል። አፍሪካን በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ለሚካፈሉት መንግሥታት በገዛ ቋንቋቸው መልስ መስጠት ብልኀት እንደ ነበረ አልክድም፤ ነገር ግን በዚያ ድንበር ውስጥ የገቡት የአርሲና የባሌ ሰዎች እንደ ሌላው ሁሉ ሳይጠየቁ መግባታቸውም እውነት ነው።

የነገሩ እምብርት ያለው በ1889 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የጣልያን መልእክተኛ ቼዛሬ ኔራዚኒ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ዩስቱስ ፔርቴስ የተባለው የጎታ ማተሚያ ቤት ያወጣው የሀበኒኽት ካርታ በመካከል ተዘርግቶ፣ ወሰኑ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ 180 ማይል ያህል ርቆ፣ የጠረፉን አካሄድ እየተከተለ፣ ከባርዴራ በላይ ወደ ጁባ ወንዝ እንዲደርስ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተሠመረ። እንግዲህ አንባቢ ይታገሠኝና ይህን ካርታ ጠጋ ብለን እንየው። መጠኑ አንድ ለ4,000,000 ነው፤ በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምድር ላይ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 180 ማይልን የሚያህል አገር ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ብቻ ይበቃዋል፤ እርሳሱ ትንሽ የደነዘ እንደ ሆነም አንድ የውኃ ጉድጓድ ከነግጦሹ በመስመሩ ውፍረት ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ውሉ የተጻፈው በቃል ሳይሆን በዚህ መስመር ላይ ነበረ፤ መስመሩን የያዘው ካርታ ግን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ መስመሩን ወደ ባሕሩ፣ ጣልያን ወደ መሀል አገር እየሳቡ ሲከራከሩ፣ አንዳቸውም ዋናውን አውጥተው ሊያሳዩ አልቻሉም።

በግንቦት 1900 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ይህን ጉድለት ሊሞላ አስቦ፣ ለኢትዮጵያ 3,000,000 ሊሬ አስከፍሎ፣ ድንበሩን በነገድ ከፈለው፤ ወደ ጠረፍ ያሉት ነገዶች ለጣልያን፣ ኦጋዴንና ወደ ኦጋዴን ያሉት ለኢትዮጵያ እንዲሆኑ። ዝናምን ተከትሎ ከግመሉ ጋራ የሚዞር ሕዝብ የድንበር ድንጋይ ሆኖ ተተከለ ማለት ነው። የገናሌና የዳዋ ውኃ ከሚገናኙበት ከዶሎ ተነሥቶ ምልክት ሊያቆም የሄደው ኮሚሲዮንም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሠርቶ ተመለሰ።

ጣልያናውያን አሳሾች ከዚያ አስቀድመው በባሌ ወንዞች ላይ ስማቸውን አኑረዋል። ቪቶሪዮ ቦቴጎ ገናሌን በጂኦግራፊ ማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ስም «ገናሌ ዶሪያ» ብሎ በካርታ ጻፈው። ከባሌ ተራራ ፈልቆ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብም ወደ ቆላው ሲወርድ «ወይብ ጌስትሮ» ተብሎ በጄኖቫ ቤተ መዘክር ሊቅ ስም ተጠራ። ባለ ከብቱ ውኃውን በጥንት ስሙ እየጠራ ከብቱን አጠጣ፤ የመንግሥታቱ መዝገብ ግን የእንግዳውን ስም ያዘ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል፣ ተኩስ ሲከፈት፣ በጣልያን የታተሙ ካርታዎች እንኳ ወልወልን በኢትዮጵያ በኩል ያሳዩ ነበር፤ ሙሶሊኒን ግን ይህ አልከለከለውም። ወረራው እንደ ተፈጸመ አዲሱ ካርታ በ1928 ዓ.ም. ወጣ፤ ኦጋዴን ከሶማሊያ ጋራ ተዋሐደ፣ ጎባ በሐረር ገዥ ሥር ሆነች። ፋሺስቶች ቢባረሩም ያ ሥዕል ከአሳብ አልጠፋም። እንግሊዞች በመጋቢት 1942 ዓ.ም. ሶማሊያን ለጣልያን ሞግዚትነት ሲያስረክቡ «ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር» የተባለውን አሠመሩ፤ ኢትዮጵያና ጣልያንም ዓመታት ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። የሶማሊያ ባንዲራ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ሲመረጥ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ተሣለበት፤ ከጫፎቹ አንዱ የኢትዮጵያ ምድር ነው። በባንዲራ ላይ የተሠራ ካርታ ከመጽሐፍ ካርታ ይልቅ ይበረታል፤ ሕፃን ሁሉ ቆሞ ይዘምርለታልና። ሶማሊያ ነፃ በወጣችበት በ1960 እ.ኤ.አ. ባሌም ከሐረርጌ ተለይታ፣ ጎባን ዋና ከተማ አድርጋ፣ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ሆነች።

እኔ ግን የሞቃዲሾ ኮከብ ብቻውን የባሌን ገበሬ አሳመነ የሚለውን አልቀበልም። በባሌ ከኮከቡ ይልቅ የሚታወቀው ቀላድ ነበረ። ቀላድ ጣዪው በገመዱ ማሳውን ለክቶ 40 ሄክታር ያህል የሚሆነውን ጋሻ መሬት ሲቈጥር፣ ያልተለካው የመንግሥት ነው እየተባለ ለሹምና ለጡረተኛ ወታደር ይታደል፣ ባለ ርስት የነበረውም ጭሰኛ ሆኖ ይቀር ነበር። ግብሩም ከበደ፣ ዳኛውም የሚናገረው በማይሰማ ቋንቋ ሆነ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች የተነሣው አመፅ ከዚህ ቁስል የፈለቀ ነው። ሞቃዲሾ ጠመንጃ ሰጠች፤ ከጠመንጃውም ጋራ ካርታዋን አመጣች። አዲስ አበባ በፈንታዋ ነገሩን ሁሉ የባዕድ ካርታ ሥራ አድርጋ ማየት ወደደች፤ ይህ ንባብ ቀላዱን ከመመርመር ያድናልና። ወጣቱ የጂኦግራፊ መምህር መስፍን ወልደ ማርያም በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የድንበር ክርክር መጽሐፍ አሳትመው የውሎቹን ታሪክ መረመሩ፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ መሪዎች በካይሮ ተሰብስበው ከቅኝ ግዛት የተረከቡትን ወሰን ሊያከብሩ ሲወስኑ፣ ሶማሊያ አልተቀበለችም። ዋቆ ጉቱ ግን በ1962 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ የታረቀው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ እንጂ ከካርታ ጋራ አልነበረም።

በሶማሊያው መሪ በዚያድ ባሬ ዘመን ካርታው ሰፋ። ከሞያሌ እስከ አዋሽ የሚዘረጋ «ምዕራብ ሶማሊያ» ታተመ፤ የባሌ፣ የሲዳሞና የአርሲ ኦሮሞም «ሶማሌ አቦ» የሚል ስም ተሰጥቶት በስሙ ግንባር ተቋቋመ። ሥዕሉ ሕዝብ ይሻ ነበርና መስመሩ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ እንደ መስመሩ ተሰየመ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጦሩ ካርታውን ተከትሎ ገባ፤ የባሌን ቆላ ያዘ፣ ጎባን ግን አልያዘም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በዚያው ጦር ተይዛ የነበረችው ጅጅጋ ተመለሰች፤ የሶማሊያም ሠራዊት ወጣ።

ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 እ.ኤ.አ. በቡርኪና ፋሶና በማሊ ክርክር፣ ካርታ ከውል ጋራ ተያይዞ የውሉ አካል ካልሆነ በቀር ብቻውን የግዛት መብት አይሰጥም ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ ወደ 1889ኙ ውል ቢመለስ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል፤ በዚያ ካርታው የውሉ አካል ነበረ፣ የጠፋውም እርሱ ነው።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱ በቋንቋ ስትከፈል የቀድሞው ባሌ ለሁለት ተለየ፤ ጎባና ሮቤ በኦሮሚያ፣ ኤልከሬ በሶማሌ ክልል ሆኑ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን ከ420 በላይ ቀበሌዎች ወደየትኛው እንደሚገቡ በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቁ። የምርጫው ውጤት ተነገረ፤ መስመሩን በምድር ላይ የማስመሩ ሥራ ግን በብዙ ቦታ ሳይፈጸም ቀረ።