የስፌት ምስክርነት፤ የእጅ ሙያና አማተር መርማሪዎች በእንግሊዝኛ የወንጀል ልቦለድ ታሪክ

በወንጀል ልቦለድ ታሪክ ውስጥ ሐያሲያን እምብዛም ክብደት የማይሰጡት አንድ ንዑስ ዘውግ አለ። መቼቱ አነስተኛ ከተማ ወይም መንደር ነው። መርማሪው ፖሊስ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሹራብ በመሥራት፣ በጥልፍ ወይም በስፌት ጊዜዋን የምታሳልፍ ሴት ናት። ግድያ ይፈጸማል፤ ደሙ ግን በአንባቢው ፊት አይፈስም። ፖሊሶቹ ይሳሳታሉ፤ ባለ ሹራቧ ትደርስበታለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ዓይነቱን ድርሰት «ኮዚ» ይሉታል። ቃሉ ሞቅ ያለና ምቹ ማለት ሲሆን፣ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ ማፍያው ላይ የሚደፋው የሹራብ ልባስም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ «የምድጃ ዳር የወንጀል ልቦለድ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ የምንርቅ አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ የዘውጉን ታሪክ በሙሉ የመተረክ ዓላማ የለውም። የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ የእጅ ሥራው ምን ተግባር አለው? የገጸባሕርይዋ ማስጌጫ ነው ወይስ ምርመራው ራሱ የሚካሄድበት ዕውቀት? የሚል ነው። ጥያቄው የሚያስፈልገው፣ በመነሻው አካባቢ ስፌት እንደ ጽሕፈት የሚነበብ ማስረጃ ሆኖ ስለምናገኘውና በኋላ ግን ይህ ንባብ እየሳሳ የሄደ ስለሚመስለኝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚነሣው ከእውነተኛ ግድያ ነው። በዲሴምበር 1900 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በአይዋ ግዛት፣ ከኢንዲያኖላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ ቤት ውስጥ ጆን ሆሳክ የተባለ ገበሬ ሌሊት በተኛበት በመጥረቢያ ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ ማርጋሬት አጠገቡ ተኝታ እንደነበረና ገዳዩን እንዳላየች ተናገረች፤ ያመናት ግን ጥቂት ነበር። በ1901 ጥፋተኛ ተብላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1902 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በ1903 በተካሄደው ሁለተኛ ችሎት ደግሞ የጁሪው አባላት ሊስማሙ ባለመቻላቸው ተለቀቀች። በሁለቱም ችሎቶች ጁሪው ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአይዋ ሴት በጁሪ አትቀመጥም ነበርና።

ጉዳዩን ለአንድ የዴ ሞይን ከተማ ዕለታዊ ጋዜጣ ስትዘግብ የነበረችው ሱዛን ግላስፔል የተባለች ወጣት ጋዜጠኛ ናት። ሊንዳ ቤን ዝቪ በ1992 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የግላስፔል ዘገባዎች መጀመሪያ ላይ ተከሳሿን ልበ ደንዳና አድርገው ያቀርቡ ነበር፤ ዘጋቢዋ የእርሻ ቤቱን ሄዳ ካየች በኋላ ግን ድምፃቸው ረገብ አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ያየችው ነገር ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላም አልለቀቃትም። በኦገስት 1916 በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፕሮቪንስታውን ከተማ «ትራይፍልስ» የተባለው ባለ አንድ ገቢር ተውኔቷ ለመድረክ በቃ፤ እሷም ራሷ በተዋናይነት ተሳትፋበታለች። በ1917 ይህንኑ ታሪክ «የአቻዎቿ ዳኝነት» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ርዕስ ወደ አጭር ልቦለድ ለወጠችው። የተውኔቱ ርዕስ «ኢምንት ነገሮች» ማለት ነው፤ በወንዶቹ አስተያየት ሴቶች ዘወትር የሚጨነቁባቸው ነገሮች መሆናቸው ነው።

በተውኔቱ ውስጥ መጥረቢያው በገመድ ተለውጧል። ራይት የተባለው ገበሬ ታንቆ ተገኝቷል፤ ሚስቱ ሚኒ ታስራለች። ዐቃቤ ሕጉ፣ ሸሪፉና ሄል የተባለው ጎረቤት ማስረጃ ፍለጋ ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ወይዘሮ ፒተርስና ወይዘሮ ሄል፣ ማለትም የሸሪፉና የጎረቤትየው ሚስቶች፣ ለእስረኛዋ ልብስ ሊወስዱላት አብረው መጥተዋል። ወንዶቹ ፎቅ ይወጣሉ፤ ጎተራ ይፈትሻሉ። የጎደላቸው ሴትየዋ ለመግደል ያነሣሣት ምክንያት ነው። መድረኩ ግን ከማድ ቤቱ አንድ እርምጃ እንኳ አይወጣም። ወንዶቹ ማድ ቤቱን በዓይናቸው ገርፈው፣ ከድስትና ከማሰሮ በቀር ምንም የለበትም ብለው ያለፉት ክፍል ነው።

ሁለቱ ሴቶች በስፌት ቅርጫት ውስጥ ያላለቀ ኩዊልት ያገኛሉ። ኩዊልት በዚያ አገር ገበሬዎች ዘንድ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። ሚኒ የያዘችው ጥለት «የግንድ ቤት» የሚባለው ሲሆን፣ መካከሉ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ትደረግና ቀጫጭን ቁራጮች እንደ ቤት ግድግዳ ግንዶች በዙሪያዋ ይደረደራሉ። ስፌቱ እስከ አንድ ቦታ ድረስ የጠራና የተስተካከለ ነው። ከዚያ በአንደኛው ቁራጭ ላይ በድንገት ይዘበራረቃል፤ መርፌው የት እንደሚወጣ የማያውቅ ይመስላል። ሴቶቹ ይተያያሉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ያነበቡት ነገር፣ ያቺ እጅ ያን ቁራጭ ስትሰፋ የሆነ ነገር ደርሶባት እንደነበር ነው። ቆየት ብሎም በዚያው ቅርጫት ውስጥ፣ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ በቆንጆ ሣጥን የተቀመጠች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ የካናሪ ወፍ ያገኛሉ። ወንዶቹ የሚፈልጉት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባ ይመስለኛል። የተዘበራረቀው ስፌት የጣት አሻራ ወይም የደም ጠብታ ዓይነት ማስረጃ አይደለም። አሻራ የሚነግረን ማን እንደነበረ ነው፤ ስፌት ግን ጊዜ አለው። ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ መስመር መጀመሪያ፣ መካከልና የተቋረጠበት ቦታ አለው። ሰፊዋ ስትረጋጋ ይረጋጋል፤ ስትታወክ ይታወካል። ስለዚህ ወይዘሮ ሄል ያደረገችው ነገር እኛ በዚህ ትምህርት ክፍል የአንድ ደራሲን የእጅ ጽሑፍ ረቂቅ ስንመረምር ከምናደርገው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የእሷ ንባብ ስም የሌለው መሆኑ ነው።

በአማርኛ ግን ስም አለው። «ሙያ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ባለሙያ» ስንል በአንድ በኩል በፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ሕክምና ወይም ስለ ሕንፃ ቃሉን የሚሰጠውን ሊቅ ማለታችን ነው። በሌላ በኩል ወጧ የሚጣፍጥ፣ ፈትሏ የቀጠነ፣ ስፌቷ ያማረ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች። ሁለቱን በአንድ ቃል የምንጠራቸው እኛ ነን፤ ያም ሆኖ ሁለተኛዋን ለምስክርነት የምንጠራት በስንተኛው ቀን ነው? የግላስፔል ተውኔት የቆመው በዚሁ ስንጥቅ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ባለሙያ ምስክሮቹ አጠገቡ ቆመው ሳለ፣ ሴቶቹ ስለ ኩዊልቱ አጨራረስ ሲነጋገሩ ሰምቶ ይስቃል።

የአጨራረሱ ነገር ራሱ የተውኔቱ ዋና መዘውር ነው። ኩዊልት ሁለት ዓይነት አጨራረስ አለው። አንደኛው ድርቦቹን ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ማያያዝ ነው፤ ሁለተኛውና ቀላሉ እዚህም እዚያም በክር መቋጠር ነው። ሴቶቹ ሚኒ የትኛውን ልትመርጥ እንደነበር ይወያያሉ። ዐቃቤ ሕጉ በመጨረሻ ይህንኑ እንደ ቀልድ አንሥቶ ሲጠይቅ፣ ወይዘሮ ሄል በሙያው ቋንቋ የምትሰጠው መልስ መቋጠሩን ነው። ተመልካቹ የገመዱን ቋጠሮ ያስታውሳል። ዐቃቤ ሕጉ ምንም አይሰማም። በእኛም የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ የሤራ ቋጠሮ እንላለን፤ የዚህን ተውኔት ያህል ቃሉ በቁሙ የሚገጥምበት ድርሰት ለማግኘት ያስቸግራል።

ድርሰቱ ለረጅም ጊዜ ችላ ተብሎ ቆይቶ በ1970ዎቹ ውስጥ በሴቶች ሥነ ጽሑፍ ጥናት አማካይነት እንደገና ታወቀ። አኔት ኮሎድኒ በ1980 ባወጣችው መጣጥፍ ይህን ታሪክ ስለ ንባብ የተጻፈ ታሪክ አድርጋ ተረጉማዋለች፤ ወንዶቹ ማንበብ ያቃታቸው የሚነበብ ነገር እፊታቸው መኖሩን ስላላወቁ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጾታ ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። በሕይወቷ መርፌ ይዛ የማታውቅ ሴት እዚያ ማድ ቤት ብትገባ ስፌቱን አታነበውም ነበር። የሚያነበው በሥራ የሠለጠነ ዓይን ነው።

አማተር መርማሪ ሴት በግላስፔል አልተጀመረችም። አና ካተሪን ግሪን ከባርኔጣና ከልብስ ተነሥታ ወንጀል የምትመረምረውን አሚሊያ በተርወርዝን ለአንባቢ ያቀረበችው በ1897 ነው። ይሁን እንጂ ዘውጉ ዛሬ የምናውቀውን መልኩን የያዘው በእንግሊዝ አገር ነው። የአጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል በ1927 «የማክሰኞ ምሽት ክበብ» በተባለው አጭር ልቦለድ ብቅ አለች፤ ታሪኩ በ1932 «ዐሥራ ሦስቱ እንቆቅልሾች» በተሰኘው መድበል ውስጥ ተካቷል። ስድስት ሰዎች በአንዲት የመንደር ቤት ተሰብስበው ያልተፈቱ ወንጀሎችን ያወራሉ። ከመካከላቸው የቀድሞ የስኮትላንድ ያርድ ሹም፣ ጠበቃና ቄስ ይገኙበታል። ሚስ ማርፕል ጥግ ይዛ ሹራቧን ትሠራለች፤ መኖሯንም ይዘነጉታል።

የሚወራው ጉዳይ የመርዝ ግድያ ነው። ዋናው ፍንጭ ከአንድ የቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ የተነበቡ ቃላት ሲሆኑ፣ «መቶዎችና ሺዎች» የሚል ትርጉም አላቸው። ሁሉም ስለ ውርስ ገንዘብ የተጻፈ ነው ብለው ያስባሉ። ሚስ ማርፕል ግን ሐረጉ በእንግሊዝ ማድ ቤት ጣፋጭ ላይ የሚነሰነሱት ባለ ቀለም የስኳር ፍሬዎች መጠሪያ መሆኑን ታውቃለች። መርዙ የተነሰነሰው ከእነሱ ጋር ነው። የተነሰነሰበት ጣፋጭ ደግሞ «ትራይፍል» ይባላል፤ የግላስፔል ርዕስ ያው ቃል ነው። ክሪስቲ ግላስፔልን አስባ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ይሁንና ሁለቱም ዘንድ የወንዶቹ ሊቅነት የሚሰናከለው በአንድ ዓይነት ጠጠር ላይ መሆኑ ያስገርማል።

ለውጡም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ሚስ ማርፕል ጉዳዩን የፈታችው በማድ ቤት ዕውቀት ነው እንጂ በሹራቡ አይደለም። ሹራቡ መሸሸጊያ ነው፤ ሰዎች እንዲዘነጓትና በፊቷ እንዲናገሩ ያደርጋል። በ1928 ብቅ ያለችው የፓትሪሺያ ዌንትወርዝ ሚስ ሲልቨርም እንደዚሁ ሹራቧን እየሠራች ሰው ታናግራለች። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከዕውቀቱ በኋላ የሚሆነው ነው። ገጣሚው ደብልዩ ኤች ኦደን በ1948 ባወጣው ዝነኛ መጣጥፍ፣ የምርመራ ልቦለድ ንጹሕ መስሎ የሚኖር ዝግ ማኅበረሰብ በግድያ ሲበከልና ወንጀለኛው ሲለይ ወደ ንጽሕናው ሲመለስ እንደሚያሳይ ጽፏል። የሚስ ማርፕል መንደር እንዲህ ነው። ያወቀችውን ለሕግ ታስረክባለች፤ ነፍሰ ገዳዩ ይያዛል፤ ሻይ ይፈላል። በአይዋ ማድ ቤት ግን ወደ ንጽሕና መመለስ የለም። ወይዘሮ ሄል ጎረቤቷን ባለመጠየቋ ራሷን ትወቅሳለች፤ ይህም ወንጀል ነው፣ ለዚህስ የሚቀጣ ማን ነው የሚል ሐሳብ ትሰነዝራለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1989 በአሜሪካ «ማሊስ ዶሜስቲክ» የተባለው የዘውጉ ዓመታዊ ጉባኤ ተመሠረተ፤ የእጅ ሥራ የሚሠሩ መርማሪዎችም በተከታታይ መጻሕፍት ይበዙ ጀመር። ኧርሊን ፋውለር ከ1994 ጀምሮ መጻሕፍቷን በኩዊልት ጥለቶች ስም ሰይማለች። ሞኒካ ፌሪስ በ1999 በጀመረችው ተከታታይ ውስጥ መርማሪዋ በሚኔሶታ ግዛት በኤክሴልሲየር ከተማ የጥልፍ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ናት። የማጊ ሴፍተን የሹራብ ሠሪዎች ተከታታይ በ2005 ተጀመረ። በፌሪስና በሴፍተን መጻሕፍት መጨረሻ ላይ አንባቢዋ ራሷ የምትሠራው ጥለት ይታተማል። እነዚህን መጻሕፍት የሚንቋቸው ሰዎች ሲበዙ አያለሁ፤ አልተባበራቸውም። ሴቶች በክር ሱቅ ተሰብስበው የሚያወሩት ወሬ ዕውቀት መሆኑን አንባቢን አለማምደዋል፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። የምወቅሳቸው በሌላ ነገር ነው። ካነበብኳቸው በአብዛኞቹ ሱቁ የወዳጆች መሰብሰቢያ ነው፤ ክሩም የመሸጫ ዕቃ ነው። አንባቢዋ እንድትሠራው ጥለት ይሰጣታል፤ የሌላዋን ሴት ስፌት እንድታነብ ግን እምብዛም አትጠየቅም።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያከራክራቸው የወይዘሮ ሄል ሌላ ድርጊት ነው። የተዘበራረቀውን ስፌት አይታ ስታበቃ ክሩን መዝዛ ትፈታዋለች፤ መርፌ ታነሣለች፤ ቦታውን እንደገና አስተካክላ ትሰፋዋለች። ወይዘሮ ፒተርስ ምን እያደረግሽ ነው ብላ በፍርሃት ስትጠይቃት፣ መጥፎ ስፌት ዝም ብዬ ማየት አልችልም የሚል ሰበብ ትሰጣለች። በሕጉ ዓይን ማስረጃ አጥፍታለች። በሙያው ዓይን ግን ያላለቀ ሥራ ቀጥላለች። ወንዶቹ ከፎቅ ሲወርዱ የሚያገኙት ከዳር እስከ ዳር የተስተካከለ ጨርቅ ነው፤ የሞተችው ወፍ ደግሞ በወይዘሮ ሄል የካፖርት ኪስ ውስጥ ናት።