የድሮ ጌም ባለቤቱ ማን ነው?

ኤፕሪል 2014። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ በምትባል የበረሃ ከተማ፣ አንድ ኤክስካቫተር የቆየ የቆሻሻ መጣያ ይቆፍራል። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ይጠብቃል። የሚፈለገው ወርቅ አይደለም፤ አስከሬንም አይደለም። የሚፈለገው የቪዲዮ ጌም ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1982 «ኢ.ቲ.» በተሰኘው ፊልም ላይ የተመሠረተ ጌም በጥድፊያ አሠርቶ በገፍ አመረተ። ብዙው ገዢ አጣ። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ሲንኮታኮት መጋዘን ያጣበበውን ዕቃ በመኪና አስጭኖ በረሃ ውስጥ ቀበረው፤ ከላዩም ኮንክሪት አስፈሰሰበት። ከ30 ዓመት በኋላ ወደ 1,300 የሚጠጉ ካሴቶች ተቆፍረው ወጡ። አንዱ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ።

ለመሆኑ ካሴቱ ሙዚየም ገባ ማለት ጌሙ ተረፈ ማለት ነው? አይደለም። መጽሐፍ አቧራውን ካራገፉለት ይነበባል። ጌም ግን በሕይወት የሚኖረው ሲጫወቱት ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ካሴቱን የሚያነብ ማሽን፣ የማሽኑን ምስል የሚያሳይ ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። ካሴቱ፣ ማሽኑና ቴሌቪዥኑ፣ ሦስቱም እያረጁ ነው።

ብዙ ሰው ችግሩ የቴክኒክ ይመስለዋል። የቴክኒኩ ችግር ግን በአብዛኛው ተፈትቷል። የፈቱትም በአብዛኛው ጌሙን ሸጠው የከበሩት ኩባንያዎች ሳይሆኑ ከውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በሩን የዘጋው ሌላ ነገር ነው።

▪️ ቴሌቪዥኑ ሲቀየር ጨዋታው ሞተ

የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ጌም ማሽን፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1972 ነው። ራልፍ ቤየር የተባለ መሐንዲስ የፈጠራ ውጤት ነበር። በ1977 አታሪ 2600 ተከተለ። በ1983 ኔንቴንዶ «ፋሚኮም»ን በጃፓን አወጣ፤ ይኸው ማሽን በ1985 ኤን.ኢ.ኤስ. ተብሎ አሜሪካ ገባ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ጀርባው ለወጣው ለድሮው ቴሌቪዥን ነበር።

በዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየጠረገ ምስል ይስላል፤ በአሜሪካና በጃፓን በሰከንድ 60 ጊዜ። የጌም ማሽኑ ይህን ጨረር እግር በእግር እየተከተለ ይሠራል። የኔንቴንዶው ማሽን የሚልከው ምስል 240 መስመር ብቻ ነው። የዛሬው ፍላት ስክሪን ግን ከ1,000 በላይ መስመር አለው። ስለዚህ ምስሉን ተቀብሎ፣ አስልቶና አሳድጎ ነው የሚያሳየው። ይህ ሥራ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም። ማሪዮን ገደል ለሚያዘልል ልጅ ግን በመዝለልና በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት ያችው ቅጽበት ናት።

በ1984 የወጣው «ዳክ ሃንት» ጉዳዩን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ጌሙ በፕላስቲክ ሽጉጥ ዳክዬ ማደን ነው። ሽጉጡ ምንም አይተኩስም፤ ብርሃን የሚያይ ዓይን ነው። ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ዳክዬው ባለበት ቦታ ነጭ ሳጥን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ ነጩን ካየ፣ ዳክዬው ተመታ ማለት ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሳጥኑን ዘግይቶ ስለሚያሳይ ሽጉጡ ይስታል። ካሴቱ ደህና ነው፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ ሽጉጡም ደህና ነው። ጨዋታው ግን የለም።

ለዚህ የመጣው አንዱ መፍትሔ መቀየሪያ መሣሪያ ነው። «ኦ.ኤስ.ኤስ.ሲ.» እና «ሬትሮቲንክ» የተባሉት ትናንሽ ሳጥኖች የድሮውን ምስል ተቀብለው ሳያዘገዩ ወደ ኤችዲኤምአይ ይለውጣሉ። ለዋናው ዕቃ ታማኝ የሆነ መንገድ ነው፤ የመብት ጥያቄም አያስነሳም። ይሁን እንጂ የዳክዬውን ሽጉጥ ብቻውን አያድነውም፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይዘገያልና። ማሽኑንም ከእርጅና አያስጥለውም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይፈስሳሉ፤ የሲዲ ማሽኖች ሌዘር ይደክማል። እንደ «ዘልዳ» ያሉት ካሴቶች የተጫዋቹን ጉዞ የሚያስታውሱት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ስታልቅ ትዝታውም አብሮ ያልቃል።

▪️ ማሽኑን ያለ ማሽኑ

ሁለተኛው መንገድ ኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር ማለት አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የድሮው ማሽን እያንዳንዱ ቺፕ ምን እንደሚሠራ ተጠንቶ፣ ያው ሥራ በሶፍትዌር ይደገማል። ካሴቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ወደ ፋይል ይገለበጣል። የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ፋይል 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዓመቱ 1997 ነበር። በፌብሩዋሪ ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በሳንቲም የሚሠሩትን የመዝናኛ ቤት ጌሞች የሚያስነሳውን «ሜም»ን አወጣ። በኤፕሪል የኔንቴንዶን ጌሞች በተራ የቤት ኮምፒውተር የሚያጫውተው «ኔስቲክል» ተከተለ። ሁለቱም በነጻ የታደሉ የግለሰቦች ሥራዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የድሮ ጌም ለኩባንያዎቹ የሞተ ዕቃ ነበር፤ ዓይናቸው አዲሱ ማሽን ላይ ነበር።

ዓይናቸውን የመለሰው የ1999 ክስተት ነው። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ጌሞችን በማክ ኮምፒውተር የሚያጫውት ፕሮግራም ሠራ። ስቲቭ ጆብስ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በማክወርልድ መድረክ ላይ አስተዋወቀው። ፕሌይስቴሽን ገና በገበያ ላይ ያለ ማሽን ነበር። ሶኒ ከሰሰ።

ኮኔክቲክስ ፕሮግራሙን ለመሥራት የሶኒን የውስጥ ሶፍትዌር ገልብጦ አጥንቷል፤ ለገበያ ያቀረበው ግን የራሱን ጽሑፍ ነው። በ2000 የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ከዚያ በፊት በ1992 ሴጋ አኮሌድን በከሰሰ ጊዜ ያው ፍርድ ቤት የማሽንን አሠራር ለማወቅ ሲባል ኮዱን ፈትቶ መመርመር የሚፈቀድ አጠቃቀም ነው ብሎ ነበር። የሁለቱ ፍርዶች ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ጌሙ የባለቤቱ ነው፣ ጌሙን የሚያጫውት ማሽን መሥራት ግን የአንድ ኩባንያ ርስት አይደለም።

ሕጉ እንዲህ ቢልም ገንዘብ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ሶኒ በ2001 የኮኔክቲክስን ፕሮግራም ገዝቶ ከገበያ አወጣው። ሌላው ተከሳሽ፣ ብሊም፣ በችሎት ቢረታም የክርክሩ ወጪ አደቀቀውና በዚያው ዓመት ተዘጋ። ረቶ መክሰር ማለት ይህ ነው።

▪️ ከሳሹ ራሱ ሲጠቀምበት

ኔንቴንዶ በ2016 የመዳፍ ያህል ትንሽ ኤን.ኢ.ኤስ. ከ30 ጌሞች ጋር አቀረበ። መደርደሪያ ላይ ሳይቆይ ያልቅ ነበር። ውስጡ ያለው የ1985ቱ ቺፕ አልነበረም፤ ኢሙሌተር ነው። ያ «የሞተ ዕቃ» ገንዘብ ሆኖ ተገኘ።

ሶኒም በዲሴምበር 2018 ፕሌይስቴሽን ክላሲክን በ20 ጌሞች አወጣ። በውስጡ የነበረው ኢሙሌተር «ፒ.ሲ.ኤስ.ኤክስ. ሪአርምድ» ይባላል። የሠራው ሶኒ አይደለም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ አፍቃሪዎች ለዓመታት ያበጁት ፕሮግራም ነው። ፈቃዱ ስለሚያስችል ሶኒ ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን በ1999 ኢሙሌተርን በፍርድ ቤት ያሳደደ ኩባንያ ከ19 ዓመት በኋላ የራሱን ታሪክ ለመሸጥ የሕዝብ ኢሙሌተር አስፈለገው።

ሦስተኛው መንገድ «ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ.» የሚባለው ነው። ይህ ውስጣዊ ሰርኪዩቱ እንደ ፍላጎት የሚቀየር ቺፕ ነው። በሶፍትዌር ከማስመሰል ይልቅ የድሮው ማሽን ሰርኪዩት ራሱ ቺፑ ውስጥ እንደገና ይዋቀራል። «ሚስተር» የተባለው ክፍት ፕሮጀክት በአንድ ሰሌዳ ላይ የአታሪን፣ የኔንቴንዶን፣ የሴጋንና የሌሎች ብዙ ማሽኖችን ሥራ ያሠራል። ኪስ ውስጥ ያለውም ስልክ ወደኋላ አልቀረም። በአንድሮይድ ኢሙሌተር የቆየ ነገር ነው፤ አፕልም በኤፕሪል 2024 ወደ መደብሩ እንዲገባ ፈቀደ።

ስለዚህ መሣሪያው አለ። የጎደለው ጌሙ ነው።

▪️ የተዘጋው በር

በ2023 የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ ገበያ አይገኙም። ካሰኘህ ያረጀ ማሽንና ያረጀ ካሴት ከሰብሳቢ ትገዛለህ፤ ካልሆነ ፋይሉን ያለ ፈቃድ ታወርዳለህ። በዚያው ዓመት ማርች ኔንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲ.ኤስ. የኢንተርኔት መደብሮቹን ዘጋ፤ በዲጂታል ብቻ ይሸጡ የነበሩ ብዙ ጌሞች በአንድ ቀን ገዢ የማያገኛቸው ሆኑ።

ቤተ መጻሕፍትስ? የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጌሞችን ቀድተው ማኖር ይችላሉ። ተመራማሪው ግን ጌሙን ለማየት ሕንፃው ድረስ መሄድ አለበት። ለተመራማሪዎች በርቀት እናሳይ ብለው ያቀረቡትን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 አልተቀበለውም። የኢንዱስትሪው ማኅበር ስጋቱ በምርምር ስም ሰው በነጻ ይጫወታል የሚል ነበር።

የባለቤቶቹ ስጋት ከንቱ አይደለም። በማርች 2024 የዩዙ ሠሪዎች ለኔንቴንዶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን አቁመዋል። ዩዙ ያስመሰለው የሞተ ማሽን ሳይሆን በየሱቁ የሚሸጠውን ስዊች ነበር። ትናንት የወጣ ጌም ዛሬ በነጻ ከተበተነ ነገ የሚሠራው አይኖርም። ኔንቴንዶም የድሮ ጌሞቹን በስዊች የክፍያ አገልግሎት ያቀርባል። ግን የትኛው እንደሚቀርብ የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ደንበኛውም ይከራያል እንጂ አይገዛም።

ችግሩ ሕጉ ስዊችንና የ1983ቱን ማሽን፣ የሚሸጠውንና የተጣለውን በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለኩባንያ የተሠራ ሥራ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነጻ የሚሆነው በጃንዋሪ 2081 ነው። ማሪዮ ባለቤት አለው፤ አይጠፋም። ኩባንያው የከሰረ፣ መብቱ ማን እጅ እንደገባ የማይታወቅ ጌም ግን እስከዚያ ማን ይጠብቀዋል?

የፊልም ታሪክ መልሱን ነግሮናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ከሠራቻቸው ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ገደማ ናቸው። ብዙዎቹ ተቃጠሉ፣ በሰበሱ፣ ተጣሉ። ጌሞቹ ግን በአብዛኛው አልጠፉም፤ ከገበያ ብቻ ነው የወጡት። ከመጥፋት ያዳናቸው ያለ ፈቃድ የገለበጣቸው ሰው ነው። ብራና ሲያረጅ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ባይገለብጠው ኖሮ ስንት መጽሐፍ ይቀር ነበር? ልዩነቱ የብራናው ገልባጭ ሲመረቅ የጌሙ ገልባጭ ሌባ መባሉ ነው።

መፍትሔው መብትን መሻር አይደለም። ለሚሸጥ ጌም ጥበቃ ይኑር፤ ባለቤቱ ለማይሸጠው፣ ለማያከራየው፣ ለተወው ጌም ደግሞ ቢያንስ ለቤተ መጻሕፍትና ለተመራማሪ በር ይከፈት። ባለቤቱ ከተቆጨ መልሶ ይሽጠው፤ በሩም ያን ጊዜ ይዘጋ።

አታሪ በ1983 የቀበረውን የራሱን ዕቃ ነው፤ መብቱ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ግን ሰው በረሃ ድረስ ሄዶ አቧራ እየጠጣ ሲወጣ ለማየት ቆመ። ዕቃው የኩባንያው ቢሆንም ትዝታው የሌሎች ሆኖ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ባትሪዋ እያለቀች፣ ፕላስቲኩ እየተሰነጠቀ ነው። በ2081 የሕጉ በር ሲከፈት ከበሩ ኋላ የሚገኘው ጌሙ ነው ወይስ የጌሙ ስም ብቻ?