ገምጋሚውን ማን ይመርጣል? የኦዲት ድርጅቶች የአቻ ግምገማ ታሪክ



በሀገራችን የሽምግልና ልማድ ባለጉዳዮቹ ሽማግሌ ሲመርጡ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። አንዱ ወገን ብቻውን የመረጣቸው ሽማግሌዎች የቱንም ያህል ሐቀኞች ቢሆኑ፣ ፍርዳቸው በሌላው ዘንድ አይታመንም። ዛሬ የማነሣው የአሜሪካ የኦዲት ድርጅቶች ታሪክም የሚያጠነጥነው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፤ የሌላውን ሂሳብ የሚመረምረውን ማን ይመርምረው? መርማሪውንስ ማን ይምረጠው?

እ.ኤ.አ. በ1970 ፔን ሴንትራል የተባለው ታላቅ የባቡር ኩባንያ ከሰረ። የኩባንያው ኦዲተር የነበረው ፒት ማርዊክ በዚህና በሌሎች ጉዳዮች ተወቅሶ፣ በ1975 ከሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት አሠራሩ በውጭ ባለሙያዎች እንዲገመገም ተስማማ። ብዙም ሳይቆይ ሴናተር ሊ ሜትካፍ የመሩት ንዑስ ኮሚቴ ሙያውን አጥብቆ የሚተች ሪፖርት አወጣ። የመንግሥት ቁጥጥር የሰጋው የተመሰከረላቸው የሂሳብ አዋቂዎች ኢንስቲትዩትም በ1977 የራሱን መፍትሔ አቀረበ፤ የሕዝብ ኩባንያዎችን ኦዲት የሚያደርጉ አባል ድርጅቶች በየሦስት ዓመቱ በሙያ አቻዎቻቸው ይገመገማሉ።

ተገምጋሚው ድርጅት ገምጋሚውን ራሱ ይመርጣል፤ ክፍያውንም ራሱ ይፈጽማል። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አልነበረም። ሺህ ባለሙያዎች ያሉትን ድርጅት ጠንቅቆ ሊመረምር የሚችለው በመጠንና በልምድ የሚመስለው ብቻ ነውና። «እከክልኝ ልከክልህ» እንዳይሆን ሁለት ድርጅቶች እርስ በርስ እንዳይገማገሙ ተከለከለ። ሆኖም ትላልቆቹ ድርጅቶች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተደረጉ ውሕደቶች ከስምንት ወደ አምስት ዝቅ ሲሉ፣ የሚመረጡትም የሚመርጡትም እነዚያው ጥቂቶች ሆኑ።

ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ለኪሳራ ሲያመለክት ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ነበር። በቀጣዩ ወር ዴሎይት ያካሄደው የአንደርሰን የአቻ ግምገማ ውጤት ይፋ ሲሆን፣ የጥራት ቁጥጥር ሥርዓቱ ተገቢ መሆኑን መሰከረ። ገምጋሚዎቹ ሐሰት ተናገሩ ማለት አይደለም፤ ግምገማው የኤንሮንን ኦዲት አልመረመረም። ሕዝቡ ሊያውቀው የፈለገው ግን በትክክል ያንኑ ነበር።

በሐምሌ 2002 የጸደቀው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ የሕዝብ ኩባንያዎችን ኦዲተሮች ለሚመረምር ገለልተኛ ቦርድ ሥልጣን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ተመርማሪው ድርጅት መርማሪውን አይመርጥም። የአቻ ግምገማ ግን አልጠፋም፤ የግል ኩባንያዎችን ሂሳብ የሚሠሩ ድርጅቶች ዛሬም ገምጋሚያቸውን ይመርጣሉ፤ ምርጫው በሙያ ማኅበራት በኩል መጽደቅ ቢኖርበትም።

ስለዚህ ታሪኩ የሚያስተምረን አቻ ገምጋሚ ከንቱ መሆኑን አይደለም። ዕውቀትና ሥልጣን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ሙያውን የሚያውቀው አቻ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ሿሚው ግን በሪፖርቱ የሚታመነውን ባለሀብት፣ አበዳሪና ሠራተኛ የሚወክል መሆን አለበት። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ኦዲተሮችን የመከታተል ኃላፊነት በተሸከመበት በዚህ ዘመን፣ ነገ ገምጋሚ የምትመርጡ ተማሪዎች «ማን ያውቀዋል?» ከማለታችሁ በፊት «ማን መረጠው? ያልታየውስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።